ጎንቻ ላንሴት ላይ ወጥታለች፤ የጎንቻ ልጅስ?

ጥያቄውን የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ፣ ከዲዩቲ ስወጣ ነው። እስከ አርብ 26 መልስ መጣ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱንም ሁለት ጊዜ። በኔትወርክ ምክንያት ውይይቱ አልከፈት ያላችሁ ጓደኞቼ ምን ተባለ እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር እዚህ አስቀምጫለሁ።

መጀመሪያ ጥያቄዬ። ምስራቅ ጎጃም፣ ግንደ ወይን ተወልጄ ያደግሁ ጤና መኮንን ነኝ። የምሰራው ጤና ጣቢያ ነው፤ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ለመጨረስ ቴሲስ ቀርቶኛል። ርዕሴ ትራኮማ ነው። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይናቸውን የሚወጋቸው እናቶች ቀዶ ሕክምናው በነጻ እያለ ለምን በወረንጦ እየነቀሉ ቤት ይቀመጣሉ የሚለውን ነው የማጠናው። ለዚህ ብዬ የምርምር ጽሑፎች በነጻ በሚገኙበት ሂናሪ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሳስስ የወረዳዬን ስም አገኘሁት። ጎንቻ ሲሶ እነሴ። ላንሴት በሚባለው ትልቅ የሕክምና ጆርናል ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት። በዚያው ዓመት ደግሞ ጃማ በሚባለው የአሜሪካ የሕክምና ጆርናል ላይ ሌላ ወጥቷል።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረ ነው። አዚትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሕዝቡ በጅምላ ሲታደል ትራኮማ ምን ያህል ይቀንሳል የሚለውን ለማየት ነበር። ሁለተኛው ወረቀት ግን ሌላ ነገር አገኘ። መድሃኒቱ በታደለባቸው ጎጦች ከ1 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች የመሞት ዕድላቸው ካልታደለባቸው ጋር ሲተያይ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ ትልቁ ጥናት የተካሄደው። የእሱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ፤ የልጆች ሞት በ13.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ነገር የጀመረው እኔ ውሃ ስቀዳ ያደግሁበት ሰፈር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጠየቅሁ። የዚህ አፈር ልጆች፣ ማስተርስ የያዝን ወይም ልንይዝ የደረስን፣ ግሎባል ሄልዝ (ዓለም አቀፍ ጤና) በሚባለው ሙያ የምንገባበት በር የቱ ነው? ትምህርቱስ፣ ስራውስ? ዳታው ከእኛ፣ ስሙ ከእነሱ ሆኖ ይቀራል ወይ? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው አይደለም ወይ?

1ኛው መልስ ትህትና የተሞላ ነበር። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጀመረና ሦስት ስኮላርሺፕ ከነመስፈርቱ አስቀመጠ። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፤ 2,800 ሰዓት የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱም ሀገር ቤት ተመልሶ ሁለት ዓመት መቀመጥ ግዴታ ነው። የስዊድኑ 3,000 ሰዓት ይላል። የጀርመኑ ዳአድ ሁለት ዓመት ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ከተያዘ ከስድስት ዓመት በላይ ማለፍ የለበትም። ይህን የስድስት ዓመቱን ነገር ብዙዎቻችን አናውቀውም። ገጠር ተመድቦ ሰባት ስምንት ዓመት ያገለገለ ሰው፣ አገልግሎቱ ራሱ በሩን ይዘጋበታል ማለት ነው።

2ኛዋ አመስግና ኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ጨመረች። 3ኛው ወዲያው አረማት፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም፣ ለእኛ አይሰራም አለ። 4ኛው ቀበል አድርጎ ሩዋንዳም የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አልነበረችም፣ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ገብታለች፣ እኛ ለምን አንገባም ወደሚል ክርክር ወሰደን። አምስት ስድስት መስመር ጻፈበት። እሱን ልለፈው።

5ኛው አጭርና ትክክለኛ ነገር ተናገረ። ስኮላርሺፕ ከመፈለጋችሁ በፊት ወረቀታችሁን ጨርሱ ነው ያለው። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈለ ሰው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አያገኝም። ቴምፖ (ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት) ይዞ የሚጠብቅ ስንት አለ። ይህ በእኔም ደርሷል። ባለፈው ዓመት ለአንድ ማመልከቻ ኦፊሻል ፈልጌ ሄድኩ። መንገዱ ተዘግቶ ሁለት ቀን ሞጣ አደርኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ፋይሌ የለም ተባልኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። የማመልከቻው ቀን ያን ማታ አለፈ። ስለዚህ የ5ኛውን ምክር ከሁሉም አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

6ኛው መልስ ከአንድ አንጋፋ መምህር ነው። በጨዋ ደንብ፣ ግን ጠበቅ አድርገው አረሙኝ። ሁለቱንም ወረቀት አውጥቼ የደራሲዎቹን ዝርዝር እንዳየው ነገሩኝ፤ ኢትዮጵያውያን ስሞች አሉበት። ቀጥለውም ምስራቅ ጎጃም ውስጥ በዝሆኔ በሽተኞች ላይ የተሰራውንና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣውን ጥናት አነሱ። የዚያ ጥናት የመጀመሪያ ደራሲ ኢትዮጵያዊ ነው። ስለዚህ ስሙ ከእነሱ ብሎ መደምደም፣ መንገዱን በላባቸው የጠረጉትን ወገኖች መርሳት ነው አሉ። ተመልሼ አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ የሚገባቸውን ክብር ነስቻቸው ነበር። እርማቱን ተቀብያለሁ።

ግን 7ኛው አልተቀበለም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተካረረው። ለአራት ጥናቶች ዳታ ሰብስቧል። በክረምት ጭቃ፣ በእግሩ፣ ታብሌት በፌስታል ጠቅልሎ። አንዱም ላይ ስሙ የለም፤ ምስጋና በሚለው ክፍል እንኳ። የ6ኛውን መልስ እየጠቀሰ፣ ኢትዮጵያዊ ስም አለ ማለት የእኛ ስም አለ ማለት አይደለም፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ጎንቻን አይወክልም አለ። 8ኛዋ በእርጋታ ሕጉን አስረዳችው። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ያወጡት አራት መስፈርት አለ። አንደኛ በጥናቱ ሃሳብ፣ በዳታው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ። ሁለተኛ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በቁምነገር ማረም። ሦስተኛ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ። አራተኛ ለስራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ዳታ መሰብሰብ ብቻውን ደራሲ አያደርግም።

9ኛው በንዴት ገባ። እንደ እሱ አባባል መስፈርቱን ያወጣው መቼም ጭቃ ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ረቂቁን ያላሳዩት ሰው እንዴት አድርጎ ሊያርመው ይችላል? 10ኛው ደግሞ 9ኛውን ሰነፍ አለው። ሲያለቅሱ ከመዋል ጽሑፍ መጻፍ ይማሩ ብሎ ጨረሰ። እኔ እዚህ ላይ ከ9ኛው ጋር ነኝ። አነጋገሩ ሻካራ ነው፣ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። መስፈርቱ ራሱ በዳታው ለተሳተፈ ሰው ረቂቁን የማየትና የማረም ዕድል ስጡት ይላል። ዕድሉን ከልክሎ አላሟላህም ማለት ግፍ ነው። ይህንኑ ስጽፍ 8ኛዋም ተስማማች። 11ኛው ሁላችንንም ተረጋጉ፣ ወንድማማች ነን አለን።

12ኛዋን ሳነብ ግን ስልኩን አስቀመጥኩት። ደምበጫ አካባቢ የምትሰራ ነርስ ናት። ባለፈው ክረምት አንድ አባት መጡ ትላለች። ኮንጎ ጫማ አድርገዋል። የግራው ጫማ ጎኑ በምላጭ ተተርትሯል፤ እግራቸው ስላበጠ ሌላ መላ የለውም። የተተረተረው አፍ እንዳይከፈት በሲባጎ ተጠልፏል። ሲባጎውን ስትፈታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርጋ በሳሙና አጠበችላቸው፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር። አደረቀችው፤ ቫዝሊን ቀባችው። ሲወጡ፣ ከሚስታቸው በቀር ያንን እግር በእጁ የነካው ሰው እስከዛሬ እንዳልነበረ ነገሯት። ይህ ዝሆኔ ትንኝ ያመጣው በሽታ አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። በባዶ እግር ለዓመታት ቀዩን አፈር ከመርገጥ የሚመጣ ነው። ጫማና ውሃ ያገኘ ልጅ አይያዝም። ከዘር ነው እየተባለ ግን ልጆቻቸው ሳይቀሩ ትዳር ይከለከላሉ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ወደ ጫማ ሄደ። 13ኛው የመጀመሪያ ኮንጎውን ስምንተኛ ክፍል ሲገባ አባቱ ከቢቸና እንደገዛለት አስታወሰ። 14ኛው ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ እየሄደ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ ያደርገው እንደነበር ጻፈ። 15ኛው ዛሬ የኮንጎ ዋጋ ስንት እንደደረሰ ጠየቀ፤ ሦስት ሰው የተለያየ ዋጋ ነገረው። ከርዕሳችን ወጥተናል ብዬ ላስቆም ነበር። ሳስበው ግን አልወጣንም። 16ኛዋ ያንኑ አየችው። ለ12ኛዋ ነርስ ስትመልስ፣ ያቺ የተሰነጠቀች ጫማ ጥሩ የምርምር ጥያቄ ናት አለቻት። ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ በጎጃም ገበያ ማን ይሰራል? ስንት ያወጣል? ሰው ጫማውን ሲያገኝ ገበያ ይወጣል፣ ቤተክርስቲያን ይሳለማል? ውጭ ሀገር ያሉ መራጮች ከመቶ ማመልከቻ መሃል የሚያስታውሱት እንዲህ ያለውን ነው፤ የዓለምን ጤና ማሻሻል እወዳለሁ የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል አለች። እኔ ከዚህ ሁሉ መልስ አንዱን ብቻ ያዢ ብባል ይህንን እይዛለሁ።

17ኛው ከባድ ወሬ ይዞ መጣ። በፕሮጀክት ተቀጥሮ ይሰራ ነበር። ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም በደብዳቤ ተሰናበተ። በዚያ ሰሞን በጤና ሚኒስቴር በኩል በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የኮንትራት ሰራተኞች ውል መቋረጡን አስታወሰን። ሰኔ 24 ቀን 2017 የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ኤንጂኦ እገባለሁ ብላችሁ የምትማሩ ሰዎች ቆም ብላችሁ አስቡ አለ። አላጋነነም። በእኛም ወረዳ በፕሮጀክት ገንዘብ ይሰሩ የነበሩ ሁለት ልጆች ዛሬ ሱቅ ከፍተዋል።

18ኛው ይህን ይዞ ታዲያ ግሎባል ሄልዝ ሞቷል፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ ብሎ ወረወረ። መልስ የሰጠው 19ኛው ነው፤ ወደ ሀገር ውስጥ መለሰን። የፊልድ ኤፒዲሚዮሎጂ ስልጠና አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረ፣ የሁለት ዓመት ማስተርስ ነው፤ ተማሪው ወረርሽኝ የገባበት ቦታ ድረስ ሄዶ ይማራል። በወረዳ ደረጃ ላሉ ባለሙያዎች ደግሞ የሦስት ወሩ አለ። ባሕር ዳር የክልሉ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። አዲስ አበባ ደግሞ የአፍሪካ ሲዲሲ (የአፍሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) ዋና መስሪያ ቤት ተቀምጧል፤ አባይን ተሻግረን የምንደርስበት ቦታ እንጂ ባሕር ማዶ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ገረመኝ። በየወሩ መጨረሻ ሪፖርት የምናስገባበት ዲኤችአይኤስ 2 ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ በብዙ ሀገር የሚሰራበት ስርዓት ነው። እኛ ግን ሲቪያችን ላይ አንጽፈውም። ሪፖርት መላክ ብቻ ይመስለናል። ዳታውን ማጽዳት፣ መተንተን፣ በካርታ ማሳየት የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው፤ ለዚህ የሚሆኑት አር እና ኪውጂአይኤስ የሚባሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ደግሞ በነጻ ይወርዳሉ። 18ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

20ኛው ሩዋንዳ፣ ቡታሮ የተማረ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሰረተው፣ በግሎባል ሄልዝ ላይ ብቻ የሚያተኩረው ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያ ነው። ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ የመሰረተው ነው፤ ከድርጅቱ መስራቾች አንዱ የሆነው ዶክተር ፖል ፋርመርም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ያረፈው እዚያው ቡታሮ ነው። ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው። ቦታው ገጠር ነው፤ ኮረብታው፣ ብርዱ፣ ጠዋት የሚወርደው ጉም የጮቄን ግርጌ አስታውሶታል። ልቡን የነካው ግን ሌላ ነው። ትልቁን ትምህርት ለመማር ከገጠር መውጣት ግዴታ እንዳልሆነ በዓይኑ አየ። ካመለከተባቸው ቦታዎች ሁሉ የገጠር ስራው እንደ ጉድለት ያልታየበት እዚያ ብቻ ነው ይላል። በኢንቦክስ ሊረዳ ቃል ገብቷል፤ እስካሁን ለአራት ሰው መልሷል።

21ኛዋ ስለ ዓለም ጤና ድርጅት ኢንተርንሺፕ ነገረችን። ከ6 እስከ 24 ሳምንት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የኪስ ገንዘብ አለው። ግን ተማሪ ሆኖ ወይም በተመረቁ በስድስት ወር ውስጥ ነው የሚገባው። ዴድላይኑ የሚቆጠረው ከምረቃ ቀን ነው፤ ደግሳችሁ ሳትጨርሱ ያልፋችኋል አለች። 22ኛው ከደላሎች አስጠነቀቀ። ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን ብለው ገንዘብ የሚቀበሉ፣ በኢሜይል ጽሑፍህን እናውጣልህ ብለው ዶላር የሚጠይቁ። አንድ ዘመዱ ተበልቷል። ደህና የሆኑ ብዙ ጆርናሎች ከኢትዮጵያ ለመጣ ጽሑፍ ክፍያውን ይምራሉ፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

23ኛውና 24ኛዋ ተጣሉ። አንዱ የሄደ አይመለስም፤ ጎጃም አስተምሮ ለሰው ሀገር ያስረክባል አለ። ሌላዋ ተቆጣች። ደሞዙ ቤት ኪራይ በማይሸፍንበት፣ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ በማይታወቅበት ጊዜ፣ የሄደን ሰው ከሃዲ ማለት ነውር ነው፤ የቀረውን ማን አመሰገነው ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። እኔም ጥያቄዋን አልዘለልኩትም፤ መልስ የለኝም እንጂ። ማታ ማታ ላምባ አብርተው የሚያዋልዱ ባልደረቦቼን ስም አንድ በአንድ እዚያ ልጽፍላት ፈልጌ ነበር። 25ኛው በርቱ ብቻ ብሏል።

26ኛው አርብ ሌሊት ገባ። የጎንቻ ልጅ ነው፤ ጤና መኮንንነት ይማራል፣ አራተኛ ዓመት ነው። ትንሽ ልጅ እያለ ሰዎች ቀበሌያቸው መጥተው ሕዝቡን ዛፍ ስር ሰበሰቡ። ቁመቱን በዘንግ ለኩት፤ የመድሃኒቱ መጠን የሚታወቀው በዘንጉ ላይ ባለው ምልክት ነው። አንዱ ሰውዬ በአውራ ጣቱ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ በጥጥ ጠረገው፤ አልቅሶ ነበር። ከዚያ ጣፋጭ ሽሮፕ አጠጡት። እስከዛሬ የክትባት ነገር ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። የእኔን ጥያቄ ሲያነብ ነው ምን እንደነበር የገባው። ወረቀቱ ላይ የልጆቹ ስም ይኖር እንደሆን ጠየቀኝ። ቀጥሎም፣ ለቴሲስሽ ዳታ የሚሰበስብ ሰው ካስፈለገሽ ቀበሌዎቹን ሁሉ በእግሬ አውቃቸዋለሁ አለኝ።

የተጠኚ ስም እንደማይጻፍ፣ ሕጉም እሱን እንደሚጠብቀው አስረዳሁት። የሚሰበስብ ሰው እንደሚያስፈልገኝም ነገርኩት። ግን ታብሌቱን ከመያዙ በፊት ቁጭ ብለን ማን ምን እንደሚሰራ በወረቀት እንድንጽፍ፣ ረቂቁንም እንዲያነብና እንዲያርም፣ የራሱን ድርሻ ከሰራ ስሙ ከስሜ አጠገብ እንደሚገባ ጻፍኩለት። አድቫይዘሬን ዛሬ ጠዋት ጠየቅሁ፤ ተስማምተዋል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ፣ ግንደ ወይን መናኸሪያው ጋ እንገናኛለን። እህቴ፣ ደብተር ልያዝ ወይ አለኝ። ሁለት ያዝ አልኩት።